ላልወለድኩት ልጅ ለተመረጠልኝ ኮምፒውተር የቀረበ ምስጋና

ለከተማችን የኤሌክትሮኒክ ጨዋታዎች ማኅበር ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎ ከመቀመጥ ብዛት ያልታመመ፣ ዓይንዎም ከስክሪን ብርሃን ያልደከመ ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ለቤተሰብዎ፣ ለማኅበሩ ሠራተኞች፣ እንዲሁም በውድድሩ ቀን ከእጅዎ ላልተለየው ማይክሮፎን ጭምር የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስ። ማይክሮፎኑ ያን ቀን ከተጫዋቾቹ ሁሉ በላይ ደክሟል።

በአደባባይ የምጽፍልዎ ደፋር ሆኜ እንዳይመስልዎ። እርስዎ በማኅበሩ ገጽ ላይ፣ አፌን ከፍቼ ስክሪን ላይ ያፈጠጥኩበትን ፎቶግራፍ ለጥፈው፣ «ሁላችንም የምንወዳቸው የተጫዋቾች እናት በመጪው ውድድር የክብር እንግዳ ሆነው ለአሸናፊዎች አበባ ያበረክታሉ» ብለው ስላወጁ ነው። ማስታወቂያውን ጎረቤቶቼ፣ የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼና የዳቦ ቤቱ ሻጭ ሳይቀሩ አንብበውታል። ሻጩ ዳቦውን ሲሰጠኝ አጎንብሶ እጅ ነሣኝ። በአደባባይ የተጋበዘ ሰው በአደባባይ መልስ መስጠት ይገባዋል ብዬ፣ ፊቴ እየጋለ ይህን ጻፍኩ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ጡረታ የወጣሁ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ዳኞች፣ ጠበቆችና ምስክሮች የሚሉትን ከአፋቸው እየተቀበልኩ በፍጥነት ስጽፍ ኖሬአለሁ። እዚያ ሁሉ መዝገብ ውስጥ የእኔ ቃል የሚባል አንድም የለም። ጡረታ በወጣሁ ማግስት የቀኝ እጄ አንጓ በቀዶ ሕክምና ተከፈተ፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ጣቶቼን የሚያፍታታልኝ የሕክምና ባለሙያ ደግሞ ቀልደኛ ሰው ነበርና፣ «የላስቲክ ኳስ መጨበጥ ከሰለቸዎት የኮምፒውተር ጨዋታ ይሞክሩ» አለኝ። ሞከርኩ። መጀመሪያ ላይ ቀለማቸው የሚመሳሰል ኳሶችን እሰበስብ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ኳሶቹን ትቼ ሰው ማሳደድ ጀመርኩ።

ጨዋታው አምስት ሰዎች በአምስት ሰዎች ላይ የሚዘምቱበት የተኩስ ጨዋታ ነው። ልጄ ፋርማሲስት ናት፤ ጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ ስለምትመለስ ቀኑ የኔ ነው። የእሷን አሮጌ ሌፕቶፕ ከፍቼ እዘምታለሁ፤ የበሩ ቁልፍ ሲንቀጫቀጭ ክዳኑን ጠርቀም አደርጋለሁ። «ምን እየሠራሽ ነው እማ?» ስትለኝ «ፎቶ እያየሁ» እላለሁ። ምንም ነውር እንዳልሠራሁ አውቃለሁ። ግን በኔ ዕድሜ ያለች ሴት፣ የሰዎችን እንባና እስራት በክብር ስትጽፍ የኖረች ሴት፣ ግድግዳ ሥር ተደብቃ የማታውቀውን ሰው ግንባር ስትጠብቅ ብትታይ ምን ትባላለች እያልኩ እሸማቀቅ ነበር።

በጨዋታው ውስጥ አንድ ቡድን አቀፈኝ። የቡድኑ አለቃ በሞተር ብስክሌት ዕቃ የሚያደርስ ወጣት ነው፤ በጨዋታ ስሙ ቆንጥር ይባላል። ሁሉም በማይክሮፎን እየተጯጯሁ ሲጫወቱ እኔ ድምፄ እንዳያጋልጠኝ «ማይኬ ተበላሽቷል» ብዬ ጻፍኩላቸው። የፍርድ ቤት ጣቶች ስላሉኝ እነሱ ተናግረው ሳይጨርሱ የኔ መልስ ስክሪናቸው ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ስሜን ጸጥታ አሉኝ። «አንተ ድዳ፣ ከኋላህ!» ይለኛል ቆንጥር። «ጸጥታ፣ አንተ እኮ አውሬ ነህ!» ይለኛል ደግሞ ስናሸንፍ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ሙሉ ታታሪ፣ ጨዋ፣ ዝምተኛ ተብያለሁ። አውሬ ያለኝ ግን አልነበረም። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ መናገር ያሳፍረኛል።

ችግሩ ሌፕቶፑ ነበር። ለቢሮ ሥራ የተሠራ ምስኪን ዕቃ ነው፤ ጠላት ሲበዛበት ትንፋሹ እየተቆራረጠ ቀጥ ይላል። ቆንጥር «ያንን ነገር ወይ ጣለው ወይ ቅበረው፣ የከተማው ውድድር ደርሷል» አለኝ። ውድድሩ በአካል አዳራሽ ውስጥ የሚካሄድና እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ኮምፒውተር ይዞ የሚቀርብበት ነበር። «እሺ» ብዬ ጻፍኩለት። እንዴት ብዬ ፊታቸው እንደምቆም አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ስለ ኮምፒውተሩ ብቻ ነው። ማኅበሩ ለተወዳዳሪዎች በነፃ ምክር ይሰጣል፣ ኮምፒውተሩንም ከመደብር አስመጥቶ ያቀርባል ሲባል ስለሰማሁ ወደ ቢሮዎ መጣሁ።

እነሆ ምስጋናዬ በቁጥር ይጀምራል።

አንደኛ፤ ስለ አቀባበልዎ አመሰግናለሁ። ዋንጫዎች ከተደረደሩበት ጠረጴዛ ኋላ ተነሥተው ወንበር ሳቡልኝ፤ ውኃ አስመጡልኝ፤ ከዚያም አፌን ከመክፈቴ በፊት «ለልጅዎ ነው አይደል?» አሉኝ። በጥያቄዎና በመልሴ መካከል «አይደለም» ለማለት የሚበቃ ጊዜ ነበረ። ውኃ ጠጣሁበት። ከዚያ «አዎ» አልኩ።

የተዋጣልዎ መካሪ ስለሆኑ በዚያ አላቆሙም። «ዩኒቨርሲቲ ወይስ ገና ሁለተኛ ደረጃ?» አሉኝ፤ «ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው» አልኩ። «ከጨዋታ ሌላ ምን ይወዳል?» ሲሉኝ ደረጃው ላይ ያየሁት የቪዲዮ ትምህርት ማስታወቂያ ትዝ አለኝና «ፊልም ይወዳል፤ ቪዲዮም ያቀናብራል» አልኩ። «መብራት ይወዳል?» አሉኝ። «ይሞታል» አልኩ። «እጁ ትልቅ ነው?» ሲሉኝ «የአባቱን እጅ ነው የወረሰው» ብዬ አረፍኩ። በተነሣሁ ጊዜ ልጁ ቁመቱና ጠባዩ ታወቀኝ፤ እንዲያውም በሩ ላይ ስደርስ ትንሽ ናፈቀኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ ምርጫዎ አመሰግናለሁ፤ ይህን የምለው ያለ ቀልድ ነው። ለዚያ ልጅ ከዚያ የተሻለ ኮምፒውተር የሚመርጥለት ሰው በከተማው ውስጥ የለም። ለፊልም የሚሆን ሰፊና ጎበጥ ያለ ስክሪን፣ ሲበራ ቀይ ሰማያዊ አረንጓዴ የሚሆን ትልቅ የመስታወት ሳጥን፣ ለሰፊ መዳፍ የተሠራና አዝራር የበዛበት ማውዝ፣ ጨርሶ ድምፅ የሌለው ለስላሳ ኪቦርድ። ኪቦርዱን ሲመርጡ «ሲጫወት እናቱ እንዳይረበሹ» ያሉትን አልረሳሁትም። እናቱን ያሰበ ሌላ ሰው አልነበረም።

እቤት ወስጄ ስከፍተው ግን እኔና ዕቃው አልተዋወቅንም። ለውድድር የሚጫወት ሰው ስክሪኑ ምስሉን በየቅጽበቱ ቶሎ ቶሎ ሊያድስለት ይገባል፤ አለዚያ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ጭራ አውጥቶ ይጎተታል። እርስዎ የመረጡልኝ ስክሪን ቀለሙ እጅግ ያማረ ስለሆነ የጠላቴን ሽፋሽፍት ቁልጭ አድርጎ ያሳየኛል፤ የሚያሳየኝ ግን ከቆመበት ከሄደ በኋላ ነው። ማውዙን ስይዘው እጄ የሌላ ሰው ጫማ ያጠለቀ እግር ይመስላል። ኪቦርዱንም ስመታው መመታቱን አይነግረኝም። ቆንጥር «ጸጥታ፣ ምን ነካህ? አዲስ ኮምፒውተር ይዘህ ጭራሽ ታወርክ!» ሲለኝ «እየለመድኩት ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ሦስተኛ፤ ለመለወጥ ስመጣ ስላሳዩኝ ጽናት አመሰግናለሁ። «ልጁ አልወደደውም» ስልዎ ሳቅ ብለው «ልጁ ራሱ ይምጣና ያስረዳን፤ እናቶች እንደሆናችሁ የማትወዱትን ሁሉ ልጁ አልወደደውም ነው የምትሉት» አሉኝ።

«እሱ መምጣት አፍሮ ነው» አልኩ።

«ዓይን አፋር ነው?»

«በጣም» አልኩ። በዚያ ቢሮ ውስጥ ከተናገርኩት ሁሉ እውነቱ ይኸው ብቻ ነው።

ወደ ውድድሩ ቀን ልለፍ። ሳጥኑ ከባድ ስለሆነ ልጄ በመኪናዋ አደረሰችኝ። የነገርኳት «ለሚወዳደሩ ወጣቶች ላውሰው ነው» ብዬ ነው፤ እሷም ኮምፒውተሩን ለፊልም የገዛሁት መስሏት ስለነበር «ደግ ነሽ እማ» ብላ ሳጥኑን አቅፋ ገባች። አራቱ የቡድኔ ልጆች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ከመመዝገቢያው ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው ነበር፤ አንዱ አምስተኛውን ቲሸርት በክንዱ ላይ ጣል አድርጎ በሩን በሩን ያያል። ሰፊ የወንድ ቲሸርት ነው። በድምፃቸው ለየኋቸው። ቆንጥር ከጠበቅኩት በላይ ቀጭን ነበር። መጥተው ሊስሙኝ የሚገባቸው ሰዎች አጠገቤ ቆመው አላወቁኝም።

እርስዎ ግን አወቁኝ። ማይክሮፎንዎን በብብትዎ ይዘው መጥተው «ልጁስ?» አሉኝ።

«እየመጣ ነው።»

ከዚያ ወደ ልጄ ዞር አሉ። «ወንድምሽ ይፍጠን በዪው፣ ምዝገባው ሊዘጋ ነው።»

«የቱ ወንድሜ?» አለች።

«ተጫዋቹ ነዋ! ይሄ ኮምፒውተር የሱ አይደል?»

ልጄ ሰው የተሳሳተባት መስሏት ፈገግ አለች። «ወንድም እንኳን የለኝም። እናቴ ያላት ልጅ እኔ ብቻ ነኝ።»

ከዚያ አየችኝ። ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት። ክቡር ሆይ፣ ችሎት ውስጥ ብዙ ሰዎች ሲጋለጡ አይቻለሁ፤ እኔም ጣቴን ሳላቆም «ተከሳሹ ዝም አለ» ብዬ ጽፌአለሁ። ያ ዝምታ ከውስጥ ሲሆን ምን እንደሚመስል ያን ቀን ተማርኩ። ወለሉን እያየሁ «ጸጥታ እኔ ነኝ» አልኩ። ቆንጥር ማን እንደተናገረ ለማየት ከኋላዬ ተመለከተ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም።

አራተኛ፤ በደንቡ ላይ የዕድሜ ገደብ የለም ብለው ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ፈቅደው ዝም ቢሉ ኖሮ ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። እርስዎ ግን መድረክ ላይ ወጥተው «ክቡራንና ክቡራት! ዛሬ አንዲት እናታችን ከልጆቻቸው መሃል ተቀምጠው ይጫወታሉ! ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» አሉ። አዳራሹ ሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። አንድም ጥይት ሳልተኩስ ነው የተጨበጨበልኝ። ቢሳቅብኝ በስንት ጣዕሙ! የሚስቅብኝን ሰው መግደል እችላለሁ፤ ለሚያጨበጭብልኝ ግን ምን አደርገዋለሁ?

የመጀመሪያው ዙር ተጀመረ። ለወራት «አንተ ድዳ» ሲለኝ የነበረው ቆንጥር አጠገቤ ቁጭ ብሎ ምላሱ ታሰረ። «እ... ማዘር... እባክዎ ትንሽ ወደ ግራ...» ይላል። «እባክዎ» የሚለው ቃል ሳያልቅ እሞታለሁ። «ይቅርታ ማዘር፣ ከኋላዎ ሰው ያለ ይመስለኛል፣ ካላስቸገርኩዎ...» ሌላ ሞት። ሌሎቹ ሦስቱም በር ከፍተው እንደሚያስገቡኝ ሁሉ በየቦታው ቆመው ቅድሚያ ይሰጡኛል፤ በጦርነት መሃል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የተቃራኒው ቡድን አንድ ልጅ ነበር። መንገድ ላይ ፊት ለፊት አገኘኝ፤ ጥይቴን ጨርሼ ነበር። አነጣጠረብኝ፤ ቆየ፤ ከዚያ መሣሪያውን ዝቅ አድርጎ ዞሮ ሄደ። እርስዎም በማይክሮፎን «እናታችን አሁንም በሕይወት አሉ!» ብለው አዳራሹን አስጨበጨቡ። ያንን ዙር ተሸነፍን።

በዕረፍቱ ቆንጥር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተቀመጠ። ከአጠገቡ ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ድምፅ አናገርኩት።

«ምነው?» አልኩት።

«ያን ሁሉ ስድብ...» አለ። «ምን ያላልኩዎ ነገር አለ? ደግሞ ከጓደኛዬ ጋር ስንጣላ የነገርኩህ... የነገርኩዎት። ወይኔ! አልቅሻለሁ እኮ።»

«ምን ብዬ መለስኩልህ ያኔ?»

«"ኩራትህን ተወውና ደውልላት" አልከኝ... አሉኝ።»

«ደወልክላት?»

«ደወልኩላት።»

«እንግዲያው ያው ሰው ነኝ። አንተ ማለት ከከበደህ አንቺ በለኝ። እርስዎ እያልከኝ ግን እንዲሁ ስሞት ልውል ነው።»

ሳቀ። የሳቀው ከኀፍረት ነው፤ እኔም እንደዚያው። ግን ሁለታችንም ስናፍር ኀፍረቱ ትንሽ ቀለለ።

አምስተኛ የምለው ትንሽ ነገር ነው። ከቡድናችን የአንዱን ትርፍ ማውዝ ልዋስ ብዬ ስጠይቅዎ «በተመዘገበው ዕቃ ብቻ» ብለው ደንቡን አነበቡልኝ። ትክክል ነበሩ። ዕቃው የተመዘገበው በልጄ ስም ነበርና፣ በዚያ ባልወለድኩት ልጄ፣ እኔ ምን አገባኝ?

ሁለተኛው ዙር ላይ ቆንጥር መጀመሪያ ጉሮሮውን ጠራረገ። ከዚያ አዳራሹ እስኪያስተጋባ «አንቺ! በግራ! በግራ ነው ያልኩሽ፣ አትሰሚም?» ብሎ ጮኸ። ከተመልካቹ መሃል አንድ ትልቅ ሰው «ስድ!» ብለው ሲናደዱ ሰማሁ። እኔ ግን በግራ ዞሬ ሁለቱን ጣልኳቸው። «አውሬ!» አለኝ። ያንን ዙር አሸነፍን። ለአፍታ ያህል ያ ስክሪንና ያ ማውዝ፣ ልጄም የት እንዳለች፣ ከነጭራሹ ከአእምሮዬ ጠፍተው ነበር።

በመጨረሻው ዙር ከኛ እኔ፣ ከነሱ ያ ምሕረት ያደረገልኝ ልጅ ቀረን። ብቅ ሲል አየሁት። ተኮስኩ። የተኮስኩት የነበረበት ቦታ ላይ ነው። ስክሪኑ ነው ብል ይቀለኝ ነበር፤ ስክሪኑ ነበረበት። ግን እኔም ለመተኮስ ዘግይቻለሁ፤ ሕዝብ እያየኝ መሆኑ ትዝ ብሎኛል። እሱ በዚህኛው ጊዜ አልማረኝም። እግዜር ይስጠው።

ቆንጥር ሄድፎኑን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። «እንዴት ትስቺዋለሽ? እፊትሽ ቆሞ! እንዴት ትስቺዋለሽ?!» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ትክክል ነበረ። ማንኛውንም ሰው እንደሚቆጣ ነበር የተቆጣኝ፤ ያን ቀን ለፍቼ ያገኘሁት ክብር ያ ብቻ ነበር።

እርስዎ ግን ፈጥነው ደረሱ። ማይክሮፎኑን እንደያዙ «እናት እንዲህ አይባልም! በል ይቅርታ ጠይቅ!» አሉት። ሰው ሁሉ እያየው ቆንጥር ጎንበስ ብሎ «ይቅርታ ማዘር» አለኝ። ተጨበጨበ። ለዚህኛው ምስጋና ቁጥር ልሰጠው ሞከርኩና እጄ እምቢ አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ በቢሮዎ የተባባልነውን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። መብራት ላይ ቆመን ሳለ፣ እኔ «በተኩስ ጨዋታዬ አሳፈርኩሽ» አልኳት።

«ስለተጫወትሽ አላፈርኩም» አለች፤ መንገዱን እያየች። «ጥሩ ትጫወቻለሽ። እኔ ያልገባኝ ሌላ ነው።»

«ምን?»

«ሰውየው ለልጅዎ ነው ወይ ሲልሽ፣ መዋሸትሽ ካልቀረ፣ አንድ ልጅ እኮ አለችሽ። ለልጄ ነው፣ ልጄ ፋርማሲስት ናት፣ ሥራ ስትጨርስ ትጫወታለች ማለት ትችዪ ነበር። ለምን ወንድ ልጅ ፈጠርሽ?»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ጡሩምባ ነፉብን።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ስጀምር በእርስዎ ላይ የማቀርበው ክስ ነበረኝ። አንዲት ሴት በርዎ ላይ ቆማ ሳለ ስለ ሌለ ወንድ ልጅ መጠየቅዎን በምሬት ልጽፈው ነበር። ግን እርስዎ የጠየቁኝ «ለልጅዎ» ብለው ነው። «እሱ» ብሎ ያስገባው የኔ አፍ ነው። ወልጄ፣ አሳድጌ፣ አስተምሬ ያቆምኳትን ልጅ ከአፌ አስወጥቼ፣ እጁ የሰፋ፣ መብራት የሚወድ አንድ ጎረምሳ በቦታዋ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። እርስዎ የልጁን ኮምፒውተር ብቻ ነው የመረጡት። ልጄ ለብዙ ቀናት ጠዋት «ደህና ዋይ» ብላ ከመውጣት በቀር ብዙ አላናገረችኝም። እኔም ኮምፒውተሩን ለመክፈት አፈርኩ።

ያገኘነው ዕርቅ የሚነገርለት ዓይነት አይደለም። አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብላ መጣችና የመኪናውን ቁልፍ እያንቀጫቀጨች «ተነሺ፣ እንሂድ» አለችኝ። የወሰደችኝ ወደ አንድ ጠባብ የኮምፒውተር ሱቅ ነው፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሽቦና በካርቶን የተሞላ። ሻጩ ሁለታችንን አይቶ ወደ እኔ ዞረና «ለማን ነው?» አለ። ልጄ ስልኳን አውጥታ ስክሪኑ ላይ ዓይኗን ተከለች፤ ሆን ብላ እንደሆነ ገባኝ። ፊቴ ነደደ። ጆሮዬ ሳይቀር ነደደ።

«ለእኔ ነው» አልኩ። «እወዳደርበታለሁ።»

ሻጩ «ምን ዓይነት ጨዋታ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሌላ ምንም አላለም። ምስሉን ቶሎ ቶሎ የሚያድስ አነስ ያለ ስክሪን አሳየኝ። ሦስት አራት ማውዝ አምጥቶ አንድ በአንድ አስጨበጠኝ፤ መዳፌ ውስጥ ግጥም ያለችውን ትንሿን ወሰድኩ። ሲመታ ኳ የሚል፣ የጽሕፈት መኪናዬን የሚያስታውሰኝን ኪቦርድ መረጥኩ። ሳጥኑ አመድማ ነው፤ «መብራት የለውም፣ አያምርም፣ ግን ውስጡን በደንብ ያቀዘቅዛል» አለኝ። ልጄ ከስልኳ ቀና ሳትል «እሷ መብራት አትወድም» አለችው። ያንን የእርስዎን ኮምፒውተር ደግሞ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ወጣት በደስታ ወሰደው። እጁ ሰፊ ነው። ሲበራለት ያየሁት ፊት የእርስዎ ምርጫ ትክክል እንደነበር አረጋግጦልኛል።

ስለዚህ ወደ ግብዣዎ ልመለስ። የክብር እንግዳ ሆኜ አበባ እንዳበረክት ላደረጉልኝ ጥሪ እያመሰገንኩ፣ የማልቀበለው መሆኑን በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ። አበባ የማበረክት ከሆነ እጄ ይያዛል፤ ያን ቀን እጄን እፈልገዋለሁ። ከማኅበሩ የምጠይቀው ጥቂት ነው፤ ስሜ ከተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ፣ ስጫወት «እናታችን» ከማለት እንዲታቀቡልኝ፣ ቆንጥርም ሲቆጣኝ ዝም ብለው እንዲተዉት። አሁንም አፍራለሁ። አዳራሹ ውስጥ ስገባ ፊቴ እንደሚግል አውቃለሁ። የሚግል ፊት ይዞ መጫወትን ግን ደንብዎ አይከለክልም፤ አንብቤዋለሁ።

ይህን ያህል ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ወንበርዎ እንዲለሰልስ፣ ዋንጫዎችዎ አቧራ እንዳይነካቸው፣ ድምፅዎም ያለ ማይክሮፎን ጭምር የሚሰማ እንዲሆን በመመኘት፣ ከማይቀንስ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣
የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣
በጨዋታ ስሟ ጸጥታ

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ በመጪው ውድድር መክፈቻ ላይ እርስዎ ራስዎ አንድ ለአንድ ተጫውተው ሕዝቡን እንደሚያዝናኑ፣ ተጋጣሚ ለመሆን ግን እስካሁን የተመዘገበ እንደሌለ በገጻችሁ ላይ አንብቤ፣ ትናንት ስሜን አስመዝግቤአለሁ። ልጄ ከፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የሚሸነፉበትን ኮምፒውተር የመምረጡን መብት፣ በሙያው ከእርስዎ የሚበልጥ ስለሌለ፣ ሙሉ በሙሉ ለእርስዎ ትቼዋለሁ።